የንጉሡን ሞት ማን ይናገር

ዘሀቢያ እድሪስ የተወለደችውም፣ የተዳረችውም፣ ዕድሜዋን ሙሉ ታሪክ ስታስተምር የኖረችውም መተማ ዮሐንስ ነው። ጡረታ ስትወጣ ባልደረቦቿ ኬክ ቆርሰው ሸኟት። አፏ ግን ጡረታ አልወጣም። ከጎንደርም ከባሕር ዳርም የሚመጡ ማኅበራት፣ የባንክ ሠራተኞች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስብሰባቸውን መተማ ላይ ሲያደርጉ «ስለ አገሩ የሚነግረን፣ የሚያዞረን ሰው ይኖር ይሆን?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ያኔ የሆቴሉ ባለቤት ደረበ ስልኩን አንሥቶ የሚደውለው ለእሷ ነበር።

ድምፅ ማጉያ አትወድም። «ተቀምጠው የሰሙት ታሪክ ያስተኛል» ትልና አዳራሽ ውስጥ የተደላደለውን ሁሉ አስነሥታ በዚያ ሐሩር በእግሩ ትነዳዋለች። እናቷ እንዳስለመደቻት፣ ወዲያ ማዶ ሱዳን ያሉት ሴቶችም እንደሚለብሱት፣ ከራሷ እስከ እግሯ በቶብ ተጠቅልላ ከፊት ከፊት ስትሄድ ከሩቅ ትለያለች። ብርቱካን ቶብ ካደረገች ደግሞ ሰው እንደ ባንዲራ ይከተላታል።

የዛሬ ዓመት በየካቲት፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን፣ አንዲት ሴት ደወለችላት። ትሕትና ትባላለች፤ ጎንደር ያለ የአንድ የጡረተኞች ማኅበር ጸሐፊ ናት።

«መምህርት፣ እኛ በየጊዜው አንድ አገር መርጠን እዚያ የምንሰበሰብ ነን» አለቻት። «ግማሽ ቀን የማኅበሩን ጉዳይ እንነጋገራለን፣ ግማሽ ቀን ደግሞ ያለንበትን አገር ታሪክ ከዚያው አገር ሰው እንሰማለን። አሁን ተራው የመተማ ነው። ስለ ዐፄ ዮሐንስ አወዳደቅ በደንብ እንዲነግሩን ነው የምንፈልገው።»

«እሱንም እነግራችኋለሁ» አለች ዘሀቢያ። «ገበያውንም፣ የከተማውን ሰውም እነግራችኋለሁ። እኔ ከነገርኩ ሁሉንም ነው።»

«እሱማ የበለጠ ደስ ይለናል።»

በቃል ተዋዋሉ። ትሕትና ለማኅበሩ ሊቀ መንበር «ጥሩ የታሪክ መምህርት አግኝቻለሁ» ስትል፣ እሳቸውም «እሰየው» ብለው አለፉት። ሌላ ነገር የጠየቀም የነገረም አልነበረም።

ማኅበርተኞቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ዘሀቢያ ወደ ታናሽ እህቷ ወደ ሁሪያ ሱቅ ሄደች። ሁሪያ ከማዶ የሚመጣ ሽቶና ጨርቅ ትነግዳለች። ትርፍ የሌለው ነገር ሁሉ ድካም ይመስላታል።

«ደግሞ ንጉሡን ልታወሪላቸው ነው?» አለች ሽቶ እየደረደረች። «ወላሂ አንቺ አይሰለችሽም። ንጉሡን ለባለቤቶቹ ተይላቸው።»

«ባለቤቶቹ እነማን ናቸው?»

«ታውቂያለሽ።»

«አላውቅም። እስኪ መታወቂያሽን አውጪው። አድራሻሽ ምን ይላል?»

ሁሪያ ሽቶ መደርደሯን ቀጠለች።

«መተማ ዮሐንስ ነው የሚለው። ስሙን ኪሴ ውስጥ ይዤ እየዞርኩ ታሪኩን ለሌላ ሰው ልተው?»

«እኔ እንዳይከፉብሽ ብዬ እንጂ» አለች ሁሪያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ስንቱ ሰው ቶብሽን ሲያይ ፊቱ እንደሚለዋወጥ አንቺም ታዪዋለሽ። ዝም ትያለሽ እንጂ ታዪዋለሽ።»

ይህ እውነት ነበር። ዘሀቢያ ተነሥታ ወጣች።

በማግስቱ አውቶቡሱ ሆቴሉ ግቢ ገብቶ ቆመ። ጡረተኞቹ ወገባቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱና እየተሳሳቁ ወረዱ። ደረበ የኒም ዛፎቹ ጥላ ሥር ወንበር አሰናድቶ ቀዝቃዛ ከርከዴ በጆግ በጆግ አስቀርቦ ነበር። ዘሀቢያ ብርቱካኗን ቶብ ለብሳ በሩ ላይ ቆማ እያንዳንዱን እንግዳ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» እያለች ጨበጠች።

መጨረሻ የወረዱት ሊቀ መንበሩ ነበሩ። ጋሽ ለይኩን ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን በዳኝነት ያሳለፉ፣ ቀጥ ያሉ፣ ከሙቀቱ ጋር የተጣሉ ይመስል ኮታቸውን ያላወለቁ ሰው ናቸው። እጇን ጨበጡ። ከዚያ ዐይናቸው ከፊቷ ወደ ቶቧ፣ ከቶቧ ወደ ትሕትና ሄደ።

«መምህርቷ የታሉ?» አሉ።

«እሳቸው ናቸው ጋሼ» አለች ትሕትና። «መምህርት ዘሀቢያ።»

ሊቀ መንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁና ትሕትናን በክንዷ ይዘው ወደ አውቶቡሱ ጥላ ወሰዷት። ዘሀቢያ ከሩቅ አየቻቸው። የሚሉት አይሰማም፤ ግን ያንን አነጋገር ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሰው ስለ አንቺ ሲነጋገር ወደ አንቺ አያይም።

ትሕትና ስትመለስ ፊቷ ቀልቶ ነበር።

«መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ጋሽ ለይኩን ስለ ንጉሡ ራሳቸው የሚናገሩት አዘጋጅተዋል። እርስዎ ገበያውንና ኬላውን ብቻ ቢያሳዩን። መንገዱንም ቢመሩን።»

«መንገዱን ብቻ?»

«እንደዚያ አሉ።»

«አንቺ ግን እንደዚያ አላልሽኝም ልጄ» አለች ዘሀቢያ፤ የትሕትናን ትከሻ መታ መታ አድርጋ አልፋት በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ሄደች።

«ጋሽ ለይኩን፣ ያስቀየምኩዎት ነገር አለ?»

«የለም፣ የለም። ቅር አይበልዎት መምህርት። እንዲያው አንዳንድ ነገር አለ፤ ሰው ከወገኑ አፍ ሲሰማው ነው ደስ የሚለው።»

«ወገን ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያስተማሩ ሰው ነዎት። ይገባዎታል።»

«አልገባኝም። በግልጽ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና ተጠጓት። ሲናገሩ የተቆጣ ሰው አይመስሉም፤ የደከመው ሰው ይመስላሉ።

«ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል የእናቴ አያት እህት ተማርካ በዚህ በኩል ተነድታ ሄደች። ገና ልጅ ነበረች። አልተመለሰችም። ሞተች እንዳንል አልቀበርናት፣ አለች እንዳንል አላየናት። በቤታችን ስሟ በተነሣ ቁጥር እናቴ ታለቅስ ነበር። ንጉሡ የወደቁት እንደ እሷ ያለውን ሰው ደም ሊመልሱ ነው። እኔ ይህንን ታሪክ…» አቆሙ።

«ይጨርሱት።»

«እኔ ይህንን ታሪክ ከቶብ ለባሽ አፍ አልሰማም።»

ዘሀቢያ በሕይወቷ ብዙ ተብላለች፤ ፊት ለፊት እንዲህ ያላት ግን የለም። ቢሆንም የሽማግሌው ሐዘን የውሸት እንዳልሆነ ገባት። ያ ነው ይበልጥ ያበሳጫት።

«ስሟ ማን ነበር?» አለቻቸው።

«የማን?»

«የተማረከችው ልጅ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«እኔ እዚህ ቦታ ላይ የማነሣቸው ሰዎች አሉ። ከእነሱ ጋር ላነሣት ነው።»

«የእኔን ሰው እንዳይነኩ!» አሉ ጋሽ ለይኩን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ገበያውን ያሳያሉ ወይስ አያሳዩም?»

«ሁሉንም እናገራለሁ ወይም ምንም አልናገርም። የተዋዋልነው እንደዚያ ነው።»

«እንግዲያው ውሉ ፈርሷል።»

«ይፍረስ» አለች ዘሀቢያ።

ደረበ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆኖ ሲሰማ ነበርና ሮጦ መጣ። «መምህርት፣ ነይ ውስጥ ግቢ፣ ቀዝቃዛ ነገር ጠጪና እንረጋጋ» አላት። ልታልፈው ስትል መንገዷ ላይ ቆመ። «በእናትሽ፣ እንግዶቼን እንዳትበትኚብኝ።»

እሷ ግን ኒሙ ሥር ወደ ተቀመጡት እንግዶች ሄዳ መሐላቸው ቆመች። ከርከዴ የያዘ ሁሉ ብርጭቆውን ከአፉ አወረደ።

«ዘሀቢያ እድሪስ እባላለሁ» አለች፣ ክፍል ውስጥ በኋላ ወንበር ያሉት ተማሪዎች እንዲሰሟት በምታወጣው ድምፅ። «ዛሬ ልነግራችሁ ተቀጥሬ ነበር፤ አሁን ተሰናብቻለሁ። ያሰናበቱኝ ሥራውን አታውቀውም ብለው አይደለም። ሊቀ መንበራችሁ የንጉሡን ሞት ከእኔ አፍ መስማት ስላልፈለጉ ነው። መብታቸው ነው። እኔ ግን በተወለድኩበት ከተማ ቆሜ ለመናገር የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም። ውል ስለሌለን ክፍያም የለም። አሁን በእግሬ ወደ ገበያው እሄዳለሁ። የሚሰማኝ ይከተለኝ፤ የማይሰማኝ ከርከዴውን በሰላም ይጠጣ።»

ይህን ብላ ዞረች። በሩን እስክትወጣ ድረስ ከኋላዋ ምንም ድምፅ አልነበረም። ማንም ባይከተለኝ ብቻዬን እዞራለሁ፣ አለች በልቧ፤ ለድንጋዩም ቢሆን እነግራለሁ።

ከኋላዋ ወንበር ሲንሸራተት ሰማች።

«ኧረ ቆዪኝ እቴ!» አለ የሴት ድምፅ። «ጉልበቴ እንዳንቺ አይሮጥም።»

እማማ አሰበች ነበሩ፤ ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ አዋላጅ ሆነው ያረጁ፣ ከማኅበሩ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ ሴት። ጃንጥላቸውን ዘርግተው መጡና ክንዷን ያዙ። «ስብሰባውማ ጎንደርም ሞልቶልን የለ» አሉ ወደ ኋላ ዞረው ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «እኔ አገሩን ከአገሩ ሰው ልሰማ ነው እንጂ ለይኩንን ልሰማማ ቤቱ ቤቴ አጠገብ ነው።»

ሳቅ ተሰማ። ከዚያ አንዱ ተነሣ፤ ሌላውም ተነሣ። ሴቶቹ ይበዙ ነበር። ትሕትና ጥቂት ጊዜ በሊቀ መንበሩና በበሩ መሐል ቆማ ቀረች። ከዚያ እጇ ላይ የነበረውን የማኅበሩን ቦርሳ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ተከተለቻቸው።

ግማሽ ያህሉ ከጋሽ ለይኩን ጋር ቀሩ።

ዘሀቢያ እንግዶቿን ባጃጁና የጭነት መኪናው በሚተራመስበት ዋና መንገድ ዳር ዳሩን ይዛ ወደ ገበያው አገባቻቸው። የሰሊጥ ጆንያ የተከመረበት መጋዘን ጥላ ሥር አቆመቻቸውና ጀመረች። መተማ ከጦርነቱ በፊት ምን ያህል ትልቅ ገበያ እንደ ነበረች፣ ቡናው፣ ሰሙ፣ ጥጡ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ነገረቻቸው። ከምዕራብ አፍሪቃ ተነሥተው ለሐጅ ወደ መካ ሲሄዱ ሲመለሱ በዚህ ስላለፉ፣ ደክሟቸው ወይም አገሩ ተስማምቷቸው ስለቀሩት ስለ ተክሩሮች ነገረቻቸው።

«እኔ የእነሱ ልጅ ነኝ» አለች። «አያቶቼ እዚህ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ይህቺ ከተማ አንዴ ከማዶ በመጣ ጦር፣ አንዴ ከደጋ በመጣ ጦር ተቃጥላለች። በተቃጠለች ቁጥር አያቶቼ ወደ ጫካው ሮጠዋል፤ ተመልሰው ሠርተዋታል፤ እንደገና ተቃጥላለች።»

ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሰውዬ እጃቸውን አወጡ። «ቅር አይበልሽና፣ ታዲያ ሰዎችሽ ያኔ ከማን ጋር ነበሩ? ከንጉሡ ወይስ ከድርቡሽ?»

«አንዳንዱ ከዚህ፣ አንዳንዱ ከዚያ ነበር። አልደብቅዎትም። አብዛኛው ግን ጦር ሲመጣ ከማን ጋር ይሆናል ጌታዬ? ከልጁ ጋር ነው የሚሆነው። ልጁን አዝሎ ይሮጣል።»

ሰውዬው ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። እማማ አሰበች «እውነት ነው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ።

ከገበያው ተነሥተው ንጉሡ የወደቁበት ወደሚባለው ስፍራ ሲያመሩ፣ የማኅበሩ አውቶቡስ አቧራውን እያቦነነ አለፋቸው። ጋሽ ለይኩን ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ወደ እነሱ አላዩም። በእግር የሚሄዱት ሲደርሱ የአውቶቡሱ ሰዎች ቀድመው ቆመው፣ ጋሽ ለይኩንም ንግግራቸውን ጀምረው ነበር።

እማማ አሰበች የዘሀቢያን ክርን ጎነጡና «ሂጂ ግቢበት» አሏት።

«አይ፣ ይጨርሱ» አለች ዘሀቢያ። ከኋላ ቆማ አዳመጠች።

ጋሽ ለይኩን ጥሩ ተናጋሪ ናቸው። ንጉሡ ከደጋ ሲወርዱ ስለ ነበረው ጭንቀት፣ ከድርቡሽ ምሽግ ፊት ስለ ነበረው ውጊያ፣ ድሉ እጅ ሊገባ ሲል ስለ ደረሰችው ጥይት ተናገሩ። ንጉሡ የወደቁባት ሰዓት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ፤ የዘሀቢያም ዐይን እንባ አቀረረ። ትሕትና አየቻት። ሽማግሌው ጨርሰው ሰው ሲያጨበጭብ ዘሀቢያም አጨበጨበች። ከዚያ በሰው መሐል አልፋ ወደ ፊት ወጣች።

«ጋሽ ለይኩን በሚገባ ተናግረዋል» አለች። «የሚነቀፍ የለውም። አሁን የእኔ ተራ ነው።»

«ተራ የለዎትም!» አሉ ሽማግሌው።

«ተራ አላት» አሉ እማማ አሰበች። «አንተን ዝም ብላ ሰምታሃለች፤ አንተም ስማት።»

ሾፌሩ ሞተሩን ሊያስነሣ ወደ አውቶቡሱ አየ፤ ማንም ግን ወደዚያ አልተራመደም።

ዘሀቢያ ጀመረች። በእግር ሲመጡ የሰሙትን አልደገመችም። ያን ዕለት በዚህ ሜዳ ላይ የወደቀው ከሁለቱም ወገን ስፍር ቁጥር እንዳልነበረው ተናገረች። ንጉሥ ሲወድቅ ሰፈሩ እንዴት እንደሚፈርስ፣ ጠዋት ያሸነፈ መስሎት የዋለ ወታደር ማታ እንዴት እንደ ወላጅ አልባ እንደሚሆን ተናገረች። ንጉሡን «ንጉሣችን» ብላ ነበር የምትጠራቸው። ወታደሮቹ ሬሳቸውን ይዘው ሲሸሹ ድርቡሽ ደርሶ የንጉሡን ራስ ስለ መቁረጡ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ከሰው መሐል «እግዚኦ» ያለ ሰው ተሰማ።

ከዚያ እጇን ወደ ምዕራብ ዘረጋች፤ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ወደሚታዩበት፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ የሱዳኗ ገላባት ወዳለችበት።

«ከዚህ ቀን በፊትም» አለች፣ «ከጎንደር የተማረኩ ሴቶችና ልጆች ወደዚያ ተነድተው ሄደዋል። ከእነሱ አንዷ፣ ዛሬ እዚህ የቆመ ሰው ዘመድ ነበረች። ልጅ ነበረች። ስሟን ግን አልነገሩኝም።»

«አትንኪያት ብያለሁ!» ጋሽ ለይኩን ከዘራቸውን አነሡ። አንቱታውን ረስተውት ነበር። «አንቺ ማን ነሽና!»

«እርስዎ ስሟን ከደበቁብኝ ምን ላድርግ?» አለች ዘሀቢያ፣ አክብሮቷን ሳትቀንስ፣ ድምጿንም ሳትቀንስ። «ስም የለሽ ብዬም ቢሆን አነሣታለሁ። ዝም ብዬ ግን አላልፋትም። ዛሬም፣ ነገም፣ እዚህ በቆምኩ ቁጥር ስም የለሽ ብዬ…»

«ስም የለሽ አይደለችም!» ብለው ጮኹ። «ድንቅነሽ ናት! ድንቅነሽ ነው ስሟ! እናት አባት ያወጣላት ስም አላት!»

ከማኅበርተኞቹ አንዳቸውም ይህን ስም ከሽማግሌው አፍ ሰምተው አያውቁም ነበር፤ ጎረቤታቸው እማማ አሰበችም እንኳ።

«ድንቅነሽ» አለች ዘሀቢያ ቀስ ብላ። «ድንቅነሽ በዚህ ስታልፍ የእኔ አያቶች ቤታቸው ተቃጥሎባቸው እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀው ይሆናል። ውሃ ሰጥተዋት ይሆን? ሰጥተዋታል ብዬ ብነግራችሁ ሁላችንም ደስ ይለን ነበር፤ እናንተም ታጨበጭቡልኝ ነበር። ግን አላውቅም። ምናልባት ዐይናቸውን ጨፍነው አሳልፈዋት ይሆናል። የማላውቀውን አልነግራችሁም። የማውቀው፣ እሷ በዚህ ማለፏን፣ አለመመለሷንና አሁን ስሟ እዚህ መጠራቱን ነው።»

ጋሽ ለይኩን ዞረው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። ሊደግፏቸው የሮጡትን በእጃቸው ገፉ። ወንበራቸው ላይ ወጥተው ተቀመጡና መጋረጃውን ሳቡ።

ከሰዓት በኋላ የታሰበው ስብሰባ አልተካሄደም። ማኅበርተኞቹ ምሳ ሲበሉም ሲከራከሩ ነበር፤ ገሚሱ «ሽማግሌ ሰው እንዲህ አይደረግም» ሲል፣ ገሚሱ «እሱ ነው የጀመራት» ሲል። ዘሀቢያ ምሳውን አልበላችም። ሊሄዱ ሲሉ ግን በሩ ላይ ቆማ፣ ጠዋት እንዳደረገችው እያንዳንዱን እየጨበጠች ሸኘች። ጋሽ ለይኩን ከፊቷ ሲደርሱ ቆሙ። ዐይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ይህ ማኅበር ሁለተኛ አይጠራዎትም» አሉ።

«አይጥራኝ።»

«ለሌሎቹም እነግራለሁ።»

«ይንገሩ ጋሽ ለይኩን። መንገድ ይቅናዎት።»

ሽማግሌው እንዳሉት አደረጉ። በዚያ ወር ሁለት ቡድኖች ደረበ ሆቴል መጡና ሁለቱም «ሌላ ሰው» ጠየቁ። ደረበ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አልጋ አከራይ ነው። ከሽንፋ አንድ ቀልጣፋ ወጣት አስመጣ፤ ወጣቱ በድምፅ ማጉያ የተባለውን ይናገራል፣ ያልተባለውን አይናገርም። ዘሀቢያ ስልኳ መጮኽ ሲያቆም በመጀመሪያ ተናደደች፤ ከዚያ አዘነች፤ ከዚያ ከቤት መውጣት ተወች። ሁሪያ ምግብ ይዛ እየመጣች አጠገቧ ትቀመጥ ነበር። «ነግሬሽ ነበር» ለማለት አንድ ጊዜ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«የታመምሽበትን ነገር ልንገርሽ?» አለቻት በምትኩ። «ያንቺን ቦታ ለዚያ ልጅ ስለሰጡት አይደለም። ዝም ስላልሽ ነው። አንቺ ዝም ስትዪ ነው የምትታመሚው። ኸላስ፣ ተነሺ። ገላሽን ታጠቢና ውጪ።»

ዘሀቢያ ሳቀች፤ ከብዙ ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበር።

በማግስቱ ወጥታ በኬላው መንገድ ስትሄድ የጭነት መኪኖቹ ሰልፍ እንደ ወትሮው ቆሞ ነበር። ሾፌሮቹ ወረቀታቸው እስኪያልቅ መኪናቸው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ይጋደማሉ፤ ካርታ ይጫወታሉ፤ ይሰለቻሉ። አለልኝ የሚባል ከጎጃም የመጣ ሾፌር ጥላዋን አይቶ ቀና አለ።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ይህን አገር ለምን ዮሐንስ አሉት? ስመላለስበት ስንት ጊዜዬ፣ ጠይቄ አላውቅም።»

ዘሀቢያ ቆመች። ወደ ሆቴሉ አቅጣጫ ሳትፈልግ ዐይኗ ሄደ፤ ወዲያው መለሰችው። ባዶ ጄሪካን ገልብጣ ተቀመጠችና እሷም ራሷ ሳይታወቃት ጀመረች። አለልኝ ጓደኞቹን በፉጨት ጠራ። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ፤ ትረካው ወደ ንጉሡ አወዳደቅ ሲደርስ መኪና ሥር የቀረ ሾፌር አልነበረም። ስትጨርስ ሊከፍሏት ፈለጉ፤ እምቢ አለች። ይልቁን «ነገም ሰልፉ አይነቃነቅም፣ እንደውም ይብሳል» ሲሏት በማግስቱም መጣች። በሚቀጥለው ሳምንት ባጃጅ ነጂዎች፣ ተሸካሚዎች፣ የሰሊጥ እርሻ ቀጣሪ የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞች ተጨመሩ። አንድ ቀን ትሕትና ራሷ ከእማማ አሰበችና ከጥቂት ሴቶች ጋር በሕዝብ ማመላለሻ መጥታ፣ አቧራው ላይ ከሾፌሮቹ ጋር ተቀምጣ ሰማች።

ከማዶ የመጡ የሱዳን ሾፌሮችም ነበሩ፤ አማርኛው አይገባቸውም። አንድ ቀን ከመሐላቸው አንዱ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ወፍራም ሰውዬ፣ በዐረብኛ «ለእኛስ ማን ይነግረናል?» አላት። ዘሀቢያ የእናቷን ዐረብኛ ታውቃለች። ያንኑ ታሪክ በዚያኛው ቋንቋ ከመጀመሪያው ጀመረችው። አንድም ነገር አልቀነሰችም። የተቃጠለችውን ከተማ፣ የተነዱትን ልጆች፣ ድንቅነሽን በስሟ፣ የንጉሡን መውደቅ ለጎንደር ሰዎች እንደነገረችው አድርጋ ነገረቻቸው። «ንጉሣችን» የሚለውንም ቃል አልለወጠችም።

ሰውዬው ፊቱ ጠቆረ። ተነሥቶ አሸዋውን ከልብሱ አራገፈ።

«አንቺ የእኛ ሴት አይደለሽም?» አላት። «ሊወጋን ለመጣ ንጉሥ እንዴት ታዝኛለሽ? ይህንን ተይው። የእኛን ጀግኖች ብቻ ንገሪን።»

ሌሎቹም አጉረመረሙ። አለልኝ ዐረብኛውን ባይረዳም ነገሩ ገብቶት ከጎኗ መጥቶ ቆመ። ዘሀቢያ በእጇ አረጋጋችው። ቶቧን ከትከሻዋ ላይ አስተካከለች፤ ሰውዬውንም ቀና ብላ አየችው።

«የእናንተንም እነግርሃለሁ፤ እነሱም በዚህ ሜዳ ላይ ሞተዋል» አለችው በዐረብኛ። «አሁን ግን ንጉሡ ላይ ነኝ። ተቀመጥና ስማ።»